ሸክላ እንዴት ብርጭቆ ይለብሳል?

ይህ ጥንታዊ የሸክላ ጽዋ ከአንድ ስንዝር ያነሰ ነው። ውጩ አረንጓዴ፣ ውስጡ ወርቃማ ቢጫ። ግራና ቀኙ ላይ ጣት የሚያስገቡባቸው ክብ ጆሮዎች አሉት፤ በጆሮዎቹ አናት ላይ አውራ ጣት የሚያርፍበት ጠፍጣፋ ቦታ ተበጅቷል። ሆዱ ዙሪያ የሐረግና የቅጠል ቅርጽ ጎልቶ ወጥቷል። ግሪኮች ይህን የጽዋ ዓይነት ስኪፎስ ይሉታል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በመጨረሻው መቶ ዓመትና ከልደት በኋላ በመጀመሪያው፣ ዛሬ ቱርክ በምንለው አገር፣ እንደ ጠርሴስና ሰምርኔስ ባሉ ከተሞች ይሠራ ነበር።

መልኩ የተቀዳው ከብር ጽዋ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ79 ዓ.ም. የቬሱቪየስ እሳተ ገሞራ ከቀበራቸው ቤቶች አንዱ በነበረበት በጣሊያን ቦስኮሪያሌ፣ በ1895 የተገኙት የብር ጽዋዎች ይህንኑ ቅርጽ ይዘዋል። ብር መግዛት ያልቻለ ሰው ሸክላውን ይገዛ ነበር። እኔን የሚያስደንቀኝ ግን ቅርጹ ሳይሆን ላዩ ላይ ያለው ብርጭቆ ነው፤ በጭቃ ላይ ብርጭቆ ማቅለጥ ቀላል ነገር አይደለምና።

የተቃጠለ ሸክላ ዓይን የማያያቸው ቀዳዳዎች ስላሉት ፈሳሽ ይመጥጣል። እኛ አዲስ ምጣድ በጎመን ዘር የምናሟሸው ቀዳዳዎቹን ቅባት እንዲደፍናቸው ነው። ሮማውያን በየማዕዱ ያቀርቧቸው የነበሩት ቀይ ሳህኖችም የሚያብለጨልጩት በጣም ከላመ ጭቃ በተሠራ ስስ ቅብ እንጂ በብርጭቆ አልነበረም።

ብርጭቆ ከአሸዋ ይሠራል። ንጹሕ አሸዋ ግን የሚቀልጠው 1,700 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሲደርስ ነው። በዚያ ሙቀት ተራ ሸክላ ራሱ ቀልጦ ይወድቃል፤ የጊዜው ምድጃም እዚያ አይደርስም። ስለዚህ አሸዋው በዝቅተኛ ሙቀት እንዲቀልጥ የሚያደርግ ነገር ያስፈልጋል። ግብፆች ከጥንት ጀምሮ ለዚህ ሶዳ ይጠቀሙ ነበር፤ ነገር ግን የሶዳ ብርጭቆ ሲቀዘቅዝ ከተራው ሸክላ ይበልጥ ስለሚኮማተር ይሰነጣጠቃል፣ ይላላጣል። እርሳስ የገባበት ብርጭቆ ብዙም አይኮማተርም። ከዚህም በላይ የእርሳስ ኦክሳይድ ከአሸዋ ጋር ሲደባለቅ 800 ዲግሪ ሳይሞላ መቅለጥ ይጀምራል፣ ሸክላውንም ተጣብቆ ይይዛል። እርሳሱ ደግሞ በሮም ግዛት ሞልቶ ነበር፤ ብር ከማዕድኑ ሲጠራ የሚተርፈው እርሱ ነውና። የሀብታሙ ብርና የዚህ ጽዋ ብርጭቆ ከአንድ ዓይነት ድንጋይ የወጡ ዘመዳሞች ናቸው ማለት ይቻላል።

ቀለሙን የሚሰጡት ሌሎች ማዕድናት ናቸው። መዳብ ሲጨመር አረንጓዴ ይሆናል፤ ትንሽ ብረት ያለበት ቢጫ ይወጣዋል። ሠሪው ውጩንና ውስጡን ለየብቻ ይቀባል። ከዚያ የሚመጣው ከባዱ የምድጃው ሥራ ነው፤ ጭስ ከበዛ እርሳሱ ይጠቁራል፣ መዳቡም አረንጓዴነቱን ያጣል። የቀለጠው ብርጭቆ ስለሚፈስም አንዳንዶቹን ጽዋዎች ገልብጠው ያቃጥሏቸው ነበር፤ ከንፈራቸው ላይ የረጋ የብርጭቆ ጠብታ ይህን ይመሰክራል።

እዚህ ላይ ግን ስለ ጤና ሳልናገር ማለፍ አልችልም። የእርሳስ ብርጭቆ በአግባቡ ካልበሰለ ወይን፣ ኮምጣጤና ሎሚ እርሳሱን እያሟሙ ያወጡታል፤ ብርጭቆው ውስጥ መዳብ ካለ የሚወጣው እርሳስ ይጨምራል። በእነዚህ ጽዋዎች መዳቡ የሚገኘው በውጩ አረንጓዴ ላይ ነው፤ ወይኑ የሚቀመጥበት ቢጫም ግን እርሳስ አለበት። የእርሳስ ጉዳት በዚያ ዘመን ፈጽሞ ያልታወቀ አልነበረም፤ ቪትሩቪየስ የተባለው ሮማዊ መሐንዲስ ውሃ ከእርሳስ ቧንቧ ይልቅ በሸክላ ቧንቧ ቢመጣ ለጤና እንደሚሻል ጽፏል፤ የእርሳስ አቅላጮች ፊት ገርጥቶ መታየቱንም ማስረጃ አድርጎ አቅርቧል።

ዛሬ ብዙ የሸክላ ፋብሪካዎች አሸዋውን በእርሳስ ፈንታ በቦሮን ያቀልጣሉ። አሮጌ ወይም ከየት እንደመጣ የማይታወቅ፣ ደማቅ ቀለም ያለው የሚያብለጨልጭ ሸክላ ቤት ውስጥ ካለ ግን፣ ለጌጥ መደርደሪያ ላይ ይቀመጥ እንጂ ጠጅ ወይም የሎሚ ጭማቂ አይቅዱበት።