ዮላና ሁለተኛው ቫዮሊን

ልጄ ዮላ የሚባለው ኦርኬስትራ በገባች በመጀመሪያው ዓመት አንድ ማታ «ሁለተኛ ቫዮሊን ሆንኩ» አለችኝ፣ ደስ ብሏት። እኔ ያደግሁት ሰኔ 30 ካርድ ይዞ የገባ ልጅ ገና ከደጃፍ «ስንተኛ ወጣህ?» በሚባልበት ቤት ነው። አፌን ሳልሰበስብ «አይዞሽ፣ በሚቀጥለው አንደኛ ትወጫለሽ» አልኳት። ፊቷ ወዲያው ጠቆረ። ስለ ዮላ ለመጻፍ ብዕር ያነሳሁት በከፊል ያቺን ቃሌን ለመካስ ነው።

ዮላ የሎስ አንጀለስ ወጣቶች ኦርኬስትራ ነው። የሎስ አንጀለስ ፊልሃርሞኒክ ከአጋሮቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ2007 በደቡብ ሎስ አንጀለስ ጀመረው። መሣሪያውም ትምህርቱም በነጻ ነው። ልጆቹ ከመደበኛ ትምህርታቸው ሲወጡ ይሄዳሉ፤ ዛሬ በተለያዩ ሰፈሮች ከ1,000 በላይ ተማሪዎች አሉት። ፌርፋክስ ላይ፣ ትንሿ ኢትዮጵያ ውስጥ፣ ቡና ስንጠጣ ስሙን ሳነሳ ግን «እሱማ የሀብታም ልጆች ነው» የሚለኝ አይጠፋም። እንዲያውም የተቋቋመው ቫዮሊን ለመግዛት፣ አስተማሪም ለመቅጠር አቅም ለሌለው ቤት ነው።

ሥሩ ቬኔዙዌላ ነው። ኢኮኖሚስትም ሙዚቀኛም የነበሩት ሆሴ አንቶኒዮ አብሬዩ በ1975 ካራካስ ውስጥ፣ በአንድ የመኪና ማቆሚያ፣ 11 ወጣቶችን ሰብስበው የጀመሩት ሥራ ኋላ «ኤል ሲስቴማ» ተባለ። እዚያ ጀማሪ ሕፃናት እውነተኛውን መሣሪያ ከመያዛቸው በፊት ከወረቀትና ከሙጫ የራሳቸውን ቫዮሊን ይሠራሉ። ድምፅ የለውም። አያያዙን፣ አቀማመጡን፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ዕቃን መንከባከብ የሚማሩት በዚያ ነው። ከዚያ ቤት የወጣው ጉስታቮ ዱዳሜል በ2009 የሎስ አንጀለስ ፊልሃርሞኒክ የሙዚቃ መሪ ሆኖ ሲመጣ፣ በሆሊውድ ቦውል የአቀባበሉ ኮንሰርት ላይ የዮላን ልጆች ቤትሆቨን አስጫወታቸው።

የኤል ሲስቴማ መንገድ አንድ ልጅ ለብቻው ዓመታት ተለማምዶ ሲበቃው ኦርኬስትራ ይግባ አይልም። ልጁ ኦርኬስትራው መሀል ተቀምጦ ነው የሚማረው፤ ትናንት የገባው ዛሬ ለገባው ያሳያል። በቆሎ ተማሪነት ላለፈ ሰው ይህ አዲስ አይሆንበትም፤ እዚያም ከመምህሩ ይልቅ ቀድሞ የገባው ተማሪ ነው ታናሹን ፊደል የሚያስቆጥረው።

ኢንግልውድ ያለውን የዮላን ሕንፃ ሳልጠቅስ ማለፍ አይሆንልኝም። ድሮ ባንክ ነበር። አርክቴክቱ ፍራንክ ጌሪ ጣሪያውን ወደ ላይ አስነስቶ፣ ወለሉን ወደ ታች አስቆፍሮ፣ በ2021 የልጆች የሙዚቃ ቤት አደረገው። መድረኩ መሀል ከተማ ካለው ከዎልት ዲዝኒ አዳራሽ መድረክ ጋር እኩል ነው። እዚህ የለመደ ልጅ እዚያ ሲወጣ ስፋቱ አያስደነግጠውም።

አሁን ወደ ሁለተኛው ቫዮሊን። በአንድ ኦርኬስትራ ውስጥ ቫዮሊኖች ሁለት ምድብ ናቸው። መሣሪያው አንድ ዓይነት፣ ክሩም ደጋኑም ያው ነው። የሚለያየው ከፊታቸው የተቀመጠው ኖታ ነው። አንደኛዎቹ አብዛኛውን ጊዜ ከፍ ያለውን ዜማ ይይዛሉ። ሁለተኛዎቹ ዝቅ ብለው ከቪዮላዎች ጋር የውስጡን ድምፅ ይሞላሉ፤ ምቱን እየደጋገሙ ዜማው የሚቆምበትን ወለል ያነጥፋሉ። እነሱን ብታስወጣቸው ዜማው ይቀራል፣ ግን እግር የሌለው ይሆናል።

ለእኛ ሰው ይህ የሚከብደው በምክንያት ነው ብዬ አስባለሁ። በባህላዊ ሙዚቃችን ማሲንቆውም ክራሩም ዋሽንቱም ድምፃዊውም የሚሄዱት በአንድ ዜማ ነው፤ እያንዳንዱ በራሱ ለዛ ያጣፍጠዋል እንጂ ሌላ መንገድ አይዝም። ስለዚህ ዜማውን ያልያዘ ሰው ለጆሯችን አጃቢ፣ ለዓይናችን ደግሞ ተሸናፊ ይመስለናል። ካርዱ ላይ «ሁለተኛ» የሚል ሲጨመርበት አለቀ! በወላጆች መቀመጫ አጠገቤ የሚቀመጡ ሰዎች ልጃቸው «ከፍ» እንዲል መምህራኑን ሲያስቸግሩ አይቻለሁ። እባካችሁ ተዉ። ማኅሌት ላይ መሪጌታው መሀል ሆነው፣ ሊቃውንቱ በቀኝና በግራ ቆመው ዜማውን ሲቀባበሉ፣ በግራ የቆመው ወገን ከክፍሉ ሁለተኛ ወጣ የሚል ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል?

በነገራችን ላይ፣ የድሮ የአውሮፓ ኦርኬስትራዎችም እንዲሁ ነበር የሚቀመጡት፤ አንደኛዎቹ ከመሪው በግራ፣ ሁለተኛዎቹ ትይዩ በቀኝ። ቻይኮቭስኪ በ1893 ስድስተኛ ሲምፎኒውን የጻፈው በዚህ አቀማመጥ ዘመን ነው። የመጨረሻው ክፍል ሲጀምር እንባ የሚያመጣ፣ ቀስ እያለ የሚወርድ ዜማ ይሰማል። ኖታውን ገልጣችሁ ብትፈልጉት ግን አታገኙትም። አንደኛዎቹ ፊት ያለው ወዲያና ወዲህ የሚዘል ግራ የገባው መስመር ነው፤ ሁለተኛዎቹ ፊት ያለውም እንደዚያው። የዜማውን አንድ ድምፅ እነዚህ፣ ቀጣዩን እነዚያ፣ እንደገና እነዚህ እየተቀባበሉ ነው የሚጫወቱት። ሙሉውን ዜማ የሚጫወት አንድም ቫዮሊን የለም፤ የሚገጥመው አድማጩ ጆሮ ውስጥ ነው። ያው ዜማ በኋላ ተመልሶ ሲመጣ ለአንደኛዎቹ ሙሉውን ሰጥቷቸዋል፤ ስለዚህ መጀመሪያ ላይ የከፈለው ቸግሮት አይደለም፣ አስቦበት ነው። ለምን እንዳደረገው ሰዎች ብዙ ይላሉ። እኔ ይህን ካወቅሁ ወዲህ «አንደኛ ትወጫለሽ» የሚለው ቃል ከአፌ አልወጣም።

ሌላው ወቀሳዬ አጭር ነው። በነጻ የተሰጠ መሣሪያ ነጻ ዕቃ አይደለም። በነሐሴ ሙቀት ቫዮሊን ዘግታችሁበት መኪና ውስጥ አትተዉ፤ የተጣበቀበት ሙጫ ይለቃል፣ እንጨቱም ይሰነጠቃል። አንድ ጊዜ ልብስ ማጠቢያ ቤት ስገባ ኋላ ትቼው ሄጄ ስመለስ መቃኛዎቹ ረግበው፣ ክሮቹ እንደ ገመድ ተልፈስፍሰው ነበር፤ ልጄ ለሦስት ቀን አላናገረችኝም። ደጋኑንም ከተጫወቱ በኋላ ማላላት፣ ፀጉሩን በጣት አለመንካት ነው። ላብና ቅባት ከያዘው ክሩን መያዝ ይተዋል።

ባለፈው ቅዳሜ አንደኛ ቫዮሊን የምትጫወት ጓደኛዋ እኛ ቤት መጣች። ያንን የቻይኮቭስኪን መግቢያ ኖታ አትሜላቸው ነበር። መጀመሪያ ልጄን ብቻዋን አስጫወትኳት፤ የተሳሳተች ነበር የሚመስለው። ጓደኛዋም ብቻዋን ሞከረች፣ እሷም እንደዚያው። ከዚያ ሁለቱ ፊት ለፊት ቆመው፣ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ብለው በእንግሊዝኛ ቆጥረው ጀመሩ። ሦስት ጊዜ ተሳስተው በአራተኛው ገጠመላቸው። እናቴ ረከቦቱ አጠገብ ቶናውን ልትቀዳ ጀበናውን እንዳነሳች እጇ አየር ላይ ቀረ።

«እንዲህ ያሳዘነችኝ የትኛዋ ናት?» አለችኝ።