ነርሷ «እናት፣ ትንሽ ውጭ ይጠብቁን» ስትል

ልጅዎን ይዘው ወደ ክሊኒካችን ሲመጡ ነርሷ «የት ነው የሚያምሽ? መቼ ጀመረሽ?» ብላ የምትጠይቀው ልጅቷን ነው። ብዙ ጊዜ ግን ልጅቷ አፏን ሳትከፍት እናት ትመልሳለች። ከጭንቀት የመጣ መሆኑ ይገባናል። ዳሩ ግን ሕመሙ ያለው በልጅቷ ሰውነት ስለሆነ፣ በቅድሚያ መስማት የምንፈልገው ከእርሷ ነው።

በእኛ ቆላ አገር በብዛት ከሚታየው ከወባ እንነሣ። ኳርተም በቀን ሁለት ጊዜ ለሦስት ቀን፣ በድምሩ 6 ጊዜ ይወሰዳል። በሁለተኛው ቀን ትኩሳቱ ሲበርድ ታዲያ የቀረው ኪኒን «ለሌላ ጊዜ» ተብሎ ይቀመጣል። (ስንት ቤት እንዲህ የተቀመጠ ኪኒን አለ!) የ10 ዓመት ልጅ «ትኩሳቱ ቢጠፋም ተሐዋሲው ገና ደምህ ውስጥ አለ» ተብሎ በሚገባው ቋንቋ ከተነገረው፣ የማታውን ኪኒን አስታዋሹ እርሱ ራሱ ይሆናል። ለደም ምርመራ ጣቱን ስንወጋውም «አያምም» ብለው አያታልሉት። አንዴ የተታለለ ልጅ በሚቀጥለው ጊዜ እውነቱን ብንነግረውም አያምነንም። «ትንሽ ትወጋሃለች፣ ወዲያው ያልፋል፤ የትኛውን ጣት እንውሰድ?» ማለት ይሻላል።

ልጅን መጠየቅ ማለት ግን ሁሉን ለእርሱ መተው አይደለም። ወባ የጠናበት የ7 ዓመት ሕፃን «መርፌ አልፈልግም» ስላለ ሕክምናው አይቀርም። ለምን እንደሚወጋ ይነገረዋል፣ እርስዎም አቅፈው ይይዙታል።

የማኅፀን በር ካንሰር ክትባትም ጥሩ ምሳሌ ነው። በአገራችን በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መሰጠት ተጀመረ፤ በኅዳር 2017 ዓ.ም. ደግሞ ከ9 እስከ 14 ዓመት ላሉት አንድ ጊዜ ብቻ እንዲሰጥ ዘመቻ ተደረገ። «መካን ያደርጋል» የሚለው ወሬ ሐሰት ነው። ክትባቱ የሚከላከለው በግብረ ሥጋ ግንኙነት የሚተላለፈውን ቫይረስ ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት መውሰዱ ይጠቅማል። ይህን የተረዳች ልጅ ወሬው ጓደኞቿ ዘንድ ሲደርስ መልስ አላት፤ ክንዷን ብቻ እንድትዘረጋ የታዘዘች ልጅ ግን ከፍርሃት በቀር የምትለው አይኖራትም።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንምጣ። «ራሴን ያመኛል» ብላ ከእናቷ ጋር የመጣች የ15 ዓመት ልጅ፣ ለብቻዋ ስትሆን የወር አበባዋ መቅረቱን ወይም ሊድሯት መሆኑን ልትናገር ትችላለች። እናቷ አጠገቧ ከተቀመጠች ራስ ምታቱን አክመን እንሸኛታለን፤ እርግዝና ከሆነ ደግሞ ክትትል ሳትጀምር ወራት ያልፋሉ። «ትንሽ ውጭ ይጠብቁን» የምንልዎት በዚህ ምክንያት ነው፤ እርስዎን መናቃችን አይደለም። የነገረችንን ያለ ፈቃዷ አናወጣም። ለሕይወቷ የሚያሰጋ ነገር ካለ ግን ለማንና ለምን እንደምንናገር አስቀድመን እንነግራታለን። ለወላጅ ይህ እንደሚከብድ አውቃለሁ። ቢሆንም ልጅቷ እኛን ፈርታ መድኃኒት ከማይታወቅ ሰው እጅ ብትወስድ የባሰ ይከብዳል።

ይህ የእኛ ፈጠራ አይደለም። ኢትዮጵያ በ1983 ዓ.ም. የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን፣ ልጅ ራሱን በሚመለከት ጉዳይ ሐሳቡን የመግለጽ መብት እንዳለውና ሐሳቡም እንደ ዕድሜውና እንደ ብስለቱ ክብደት እንደሚሰጠው ይደነግጋል። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የኤች አይ ቪ ምርመራ መመሪያ፣ 15 ዓመት የሞላው ሰው በራሱ ፈቃድ እንዲመረመር ፈቅዶ ነበር። ጋብቻን በተመለከተ የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ የሚጠይቀው ዕድሜ 18 ነው፤ ስለዚህ ሊድሯት መሆኑን የምትነግረን የ15 ዓመት ልጅ ሕግ ከጎኗ አለ።

ስንጨርስ በሩን ከፍተን እንጠራዎታለን። ልጅዎ ሊነግርዎት የፈለገው ነገር ካለና አፉ ከተያዘ እኛም አብረን ሆነን እንረዳዋለን። ወደ ቤት ስትመለሱ «ምን አለችህ?» እያሉ አያስጨንቁት፤ ጥቂት ቀን ቢታገሡት ራሱ ሊያነሣው ይችላል።

ለብቻዋ መታየት የምትፈልግ ልጅ ካርድ ስታወጣ ለነርሷ ቀስ ብላ ብትነግራት ይበቃል። ምክንያቱን ተራ በሚጠብቁት ሰዎች ፊት አንጠይቃትም።