ከጠርሙሱ አጠገብ ማን አለ?

ከመተሐራ፣ ከወንጂ ወይም ከባቱ ሪፈር ተጽፎለት አዳማ የሚደርስ ሕፃን ደረቱ ወደ ውስጥ እየሰረጎደ፣ እያቃሰተ ሲገባ መጀመሪያ የኦክስጅን መለኪያውን ጣቱ ላይ እናደርጋለን። ቁጥሩ ከ90 በታች ከሆነ ኦክስጅን ይጀመራል። ብዙ እናቶች የሚደነግጡት ያን ጊዜ ነው። ኦክስጅን የተደረገለት አይተርፍም የሚል ፍርሃት አለና «ዶክተር፣ እሱን ብቻ ተዉት» ብለው ይለምናሉ። እናቲቱን ቁጭ ብሎ ማስረዳት ከሕክምናው የሚነጠል አይደለም፤ ያልገባት እናት ቱቦውን ትነቅለዋለች።

ኦክስጅኑ ብቻውን የማይበቃቸው ልጆች አሉ። የሳንባ ምች ሲጠና ትናንሾቹ የአየር ከረጢቶች ይከደናሉ፣ የምንሰጠው ኦክስጅንም ደማቸው ውስጥ በበቂ አይገባም። ለእነዚህ «ባብል ሲፓፕ» የሚባል ዘዴ አለ። ልጁ የሚተነፍሰው አየር የሚወጣበት ቱቦ ጫፍ ውኃ ባለበት ጠርሙስ ውስጥ ይጠልቃል፤ የጠለቀበት ልክ፣ ለምሳሌ 5 ሴንቲ ሜትር፣ ከረጢቶቹን ክፍት አድርጎ የሚይዝ ግፊት ይሆናል። ባንግላዴሻዊው ሐኪም ሞሐመድ ጆባየር ቺስቲ ዳካ ውስጥ በሻምፑ ጠርሙስ ሠርተውታል። በ2015 እ.ኤ.አ. በታተመው ጥናታቸው በተለመደው ዝቅተኛ የኦክስጅን ፍሰት ከታከሙት 15 በመቶ፣ በጠርሙሱ ከታከሙት 4 በመቶ ሞተዋል።

በእኛም አገር ተሞክሯል። ከሰኔ 2013 እስከ ሐምሌ 2014 ዓ.ም. በ12 አጠቃላይ ሆስፒታሎች፣ ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች የሆነ 1,240 ልጆች ተካተዋል። ግማሾቹ ሆስፒታሎች ጠርሙሱን፣ ግማሾቹ የተለመደውን ኦክስጅን ተጠቀሙ። ሕክምናው ያልሠራላቸው በጠርሙሱ በኩል ከ620 ልጆች 5፣ በሌላው በኩል ከ620 ልጆች 21 ነበሩ። የሞት ቁጥር ልዩነቱ ግን ቁርጥ ያለ ድምዳሜ የሚያሰጥ አልነበረም፤ ይህንንም ሳንደብቅ መናገር አለብን።

እኔን የሚያሳስበኝ ማላዊ ነው። እዚያ ሳሊማ በተባለች ወረዳ ሆስፒታል ተመሳሳይ ሕክምና ሲሞከር ውጤቱ ተገለበጠ፤ በሲፓፕ ከታከሙት 17 በመቶ፣ በዝቅተኛ ፍሰት ከታከሙት 11 በመቶ ሞቱ። የተመረጡት በኤችአይቪ፣ በከባድ የምግብ እጥረት ወይም በኦክስጅን ማነስ የተጎዱ ልጆች ስለነበሩ ንጽጽሩ ቀጥተኛ አይደለም። ሆኖም ዋርዱ ውስጥ በየቀኑ የሚከታተል ሐኪም አልነበረም። ለእኔ ዋናው ጉዳይ ይህ ነው። ግፊቱ ሲበዛ ሆድ ይነፋል፤ የአፍንጫው ቱቦ ሲወልቅ አረፋው ይቆማል፤ መብራት ሲጠፋ ከአየር ኦክስጅን የሚያጣራው ኮንሰንትሬተርም ይጠፋል። ይህን ሁሉ ቀድሞ የሚያይ ዐይን ያስፈልጋል፣ በተለይ ሌሊት።

ስለዚህ በስምጥ ሸለቆ ከተሞች ሆስፒታል የምትመሩ ሁሉ፣ ይህን ዘዴ አትፍሩት፤ ርካሽ ነው፣ ልጆችንም ሊያድን ይችላል። ነገር ግን ጠርሙሱን ዋርድ ከማስገባታችሁ በፊት ለሌሊቱ ተረኛ የሠለጠነች ነርስ፣ ለእሷም በቅርብ የሚጠራ ሐኪም፣ ለኮንሰንትሬተሩ ጄኔሬተር፣ በመጠባበቂያም የተሞላ ሲሊንደር አዘጋጁ። እነዚህ በሌሉበት ሕፃኑን በተለመደው ኦክስጅን ይዞ ወደሚሻለው ሆስፒታል መላክ ይሻላል።