«አይዞሽ» የሚል ሰው ምጡን ምን ያደርገዋል?

ከበደሌ ወደ መቱ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ነው የሰማሁት። ከፊቴ የተቀመጡ ሁለት ሴቶች መውለጃዋ ስለደረሰ ዘመዳቸው ያወራሉ። «እናቷ አብራት ከገባች ምጡ ይቆማል አሉ» አለች አንደኛዋ። ሌላዋ ደግሞ «ሰው ሲበዛ ሕፃኑን ኢንፌክሽን ይይዘዋል፤ የሚከለክሉትም ለዚህ ነው» ብላ አጸናችላት። እስከ ያዮ ታገስኩ። ሁሩሙ ስንደርስ ግን አላስቻለኝም፣ ጣልቃ ገባሁ። ሴቶቹ ቶሎ ወረዱና ነገሩ ሳያልቅ ቀረ። እዚህ ልጨርሰው።

የሁለቱም ወሬ ሐሰት ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ኮክሬን የተባለው የሕክምና ጥናቶች መዛኝ ተቋም ያሳተመው ግምገማ በ17 አገሮች የተደረጉ 26 ጥናቶችን፣ ከ15,800 በላይ እናቶችን ይዞ ጉዳዩን መርምሯል። በምጥ ጊዜ ሳይለያት የሚያበረታታት ሰው ያላት እናት በቀዶ ሕክምና የመውለድ ዕድሏ በሩብ ያህል ቀንሶ ተገኘ። ምጧም በአማካይ 40 ደቂቃ ያህል አጠረ። ጉዳት ግን አልተገኘም። እጇን የታጠበች፣ ያልታመመች እናት ወይም እህት አጠገቧ ብትቆም ሕፃኑን ታስይዘዋለች የሚል ማስረጃ የለም። ምጥ ይቆማል የተባለው ደግሞ ጭራሽ የተገለበጠ ነው፤ ምጥን የሚያዘገየው ሌላ ነገር ነው።

ማኅፀን እንደሚኮማተር፣ የማኅፀን አፍ እንደሚከፈት፣ ሕፃኑ እንደሚወርድ ላስረዳ አልተነሣሁም። ለእናት ምጥ ማስተማር ይሆንብኛል። የምፈልገው የሚያዝዘውን ኬሚካል ማሳየት ነው።

ኦክሲቶሲን ይባላል። ከአንጎል ሥር ካለችው አተር ከምታህል እጢ ወደ ደም ይለቀቃል፣ በደም ውስጥም የሚቆየው ለጥቂት ደቂቃዎች ብቻ ነው። ስለዚህ አንዴ ተልኮ አይበቃም፣ ደጋግሞ መላክ አለበት። የሕፃኑ ጭንቅላት የማኅፀኑን አፍ ሲገፋ ነርቮች ለአንጎል ይናገራሉ፤ አንጎል ተጨማሪ ኦክሲቶሲን ይለቃል፤ ማኅፀኑ ይበልጥ ይኮማተራል፤ ጭንቅላቱም ይበልጥ ይገፋል። ከሰል ላይ ቡና የምታፈላ ሴት ይህን ታውቀዋለች። ፍሙ ይነድ ዘንድ ማራገቢያው በየጊዜው መወዛወዝ አለበት፣ ከተዘነጋ አመድ ይለብሳል።

አሁን ፍርሃት ይግባ። የደነገጠ ሰው አድሬናሊን ይረጫል። በማኅፀን ጡንቻ ላይ አድሬናሊን የሚቀመጥባቸው ቤታ ሁለት የሚባሉ ተቀባዮች አሉ፣ አድሬናሊኑ ሲያርፍባቸው ጡንቻው ይላላል። ይህ ግምት አይደለም። አስም ያለበት ሰው የሚስበው ሳልቡታሞል የአየር ቧንቧውን የሚያላላው በዚሁ ተቀባይ በኩል ነው፤ ሐኪሞችም ያለጊዜው የመጣን ምጥ ለማዘግየት ይህንኑ መድኃኒት ሲጠቀሙበት ኖረዋል። አስፈሪ ክፍል ውስጥ ብቻዋን የተተወች እናት ምጥ ማዘግያውን በገዛ ደሟ ትወጋለች ማለት ነው። ሌላም አለ፦ ያው የድንጋጤ ሥርዓት የደም ሥሮችን ያጠብባል። በእርጉዝ በጎች ላይ በተደረገ ሙከራ እናቲቱ ስትጨነቅ ወደ ማኅፀኗ የሚሄደው ደም ሲቀንስ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ1978 የታተመ የሌደርማን ጥናት ደግሞ ይበልጥ የተጨነቁ እናቶች አድሬናሊናቸው ከፍ እንደሚል፣ ያም ከደከመ ማኅፀንና ከረዘመ ምጥ ጋር እንደሚሄድ አሳየ።

ተፈጥሮ ለምን እንዲህ አደረገች? ልትወልድ የተቃረበች ሚዳቋ ጅብ ከሸተታት ምጧን አቁማ መሮጥ አለባት። ተመራማሪዋ ኒልስ ኒውተን እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የሚወልዱ አይጦችን እያወኩ ሲያጠኑ ምጣቸው ዘገየ። የኛን አገር ነገር ላምጣ፦ የሶር ወንዝ ሞልቶ ቢወርድም፣ የሶር ማመንጫ የውኃ መግቢያው ከተዘጋ ተርባይኑ አይዞርም። ውኃው አልጠፋም፣ በሩ ነው የተዘጋው።

ስለዚህ «አይዞሽ» የሚለው ድምፅ፣ ወገብ ላይ ያረፈው መዳፍ፣ በሩን ከፋቾች ናቸው።

እዚህ ላይ ይህን ሰው የምጠራበት ስም ያስቸግረኛል። «አስታማሚ» እንዳልል ምጥ በሽታ አይደለም። «አዋላጅ» ሌላ ሙያ ነው። ፈረንጆች የሠለጠነችውን ደጋፊ የሚጠሩበት ቃል በፊደላችን ሲጻፍ «ዱላ» ይሆናል፣ ይህን ደግሞ ምጥ ላይ ላለች ሴት ማን ይነግራታል? እኔ «አይዞሽ ባይ» እላለሁ።

በገዛ ሙያዬ ግን እንዳልዋሽ። ፊዚዮሎጂ አስተምራለሁና የወደድኩት ሰንሰለት ሁሉ እኩል እንዳልጠነከረ አውቃለሁ። አይዞሽ ባይ አላት ወይስ የላትም የሚለውን ከእናቲቱ መሰወር ስለማይቻል ጥናቶቹ እንደ መድኃኒት ሙከራ ጥብቅ አይደሉም። የሌደርማንም እናቶች ጥቂት ነበሩ። ኦክሲቶሲንን «የፍቅር ሆርሞን» የሚያደርገው ወሬ ከማስረጃው አልፎ ሄዷል፤ በአፍንጫ ሲነፋ ሰው ሌላውን እንዲያምን ያደርጋል የተባለው እ.ኤ.አ. የ2005 ግኝት በኋላ ሲደገም አልጸናም። አድሬናሊንም ጠላት ብቻ አይደለም፣ ሕፃኑ ሲወለድ የራሱ ድንጋጤ ሳንባው ውስጥ ያለው ፈሳሽ እንዲደርቅ ይረዳዋል። የቀዶ ሕክምናው መቀነስም ጎልቶ የታየው የሠለጠነች አይዞሽ ባይ በነበረችበት ነው፣ በዘመድ በኩል ያን ያህል አልጠራም። እ.ኤ.አ. በ2002 በታተመው፣ በአሜሪካና በካናዳ 13 ሆስፒታሎች ከ6,900 በላይ እናቶች ጋር በተደረገው ጥናት ደግሞ የሆስፒታሉ ነርሶች ራሳቸው ሲደግፉ የቀዶ ሕክምናው ቁጥር አልተነቃነቀም። እኔ ከዚህ የምረዳው የደጋፊው ማንነት ለውጥ እንደሚያመጣ ነው።

በኢሉባቦር ቀድሞ ይህ ጥያቄ አልነበረም። ምጥ ሲመጣ ጎረቤት ይሰበሰባል፤ አንዷ ማርያምን፣ ሌላዋ በኦሮምኛ ማራምን ትጠራለች፤ ከኋላ ደግፋ የምትይዝ አትጠፋም። እ.ኤ.አ. በ2000 ጤና ተቋም የወለዱት ኢትዮጵያውያን እናቶች 5 በመቶ ብቻ ነበሩ፣ በ2016 ወደ 26፣ በ2019 ወደ 48 በመቶ ደረሱ። ተቋም መውለድ ሕይወት ያድናል፣ በዚህ አልደራደርም። ነገር ግን እናትዬዋ ወደ አምቡላንሱ ስትወጣ አይዞሽ ባዮቿ ደጅ ቀሩ።

እኔም ስወልድ እንዲሁ ነበር። እናቴን «እዚያ ይጠብቁ» ብለው በሩን ዘጉባት። አልጋው ላይ ሆኜ በበሩ ሥር የላስቲክ ጫማዋ ይታየኛል፣ ወዲያ ይሄዳል፣ ወዲህ ይመለሳል። ምጥ በመጣ ቁጥር ዓይኔን ጫማው ላይ ተክዬ ነበር። ለምን እንደከለከሏት ስጠይቅ በክፍሉ ሌሎች እናቶች ስላሉ ነው አሉኝ። የሌሎች ገመና መጠበቁ እውነተኛ ምክንያት ነው፤ መፍትሔው ግን መጋረጃ ነው።

ታዲያ ማንን ትምረጪ? በማዕረግ አትምረጪ። አማትሽ ስለሚገባቸው፣ ባልሽ ስለሚጠበቅበት አይሁን። እሷ ስትገባ ትንፋሽሽ የሚረጋልሽን ሰው ምረጪ፦ የሌላ ሰው ምጥ እንዴት እንዳስቸገረ የማታወራ፣ ለሰዓታት መቆም የምትችል፣ አዋላጇ ስትናገር የምትሰማ። ባልሽ እንዲህ ከሆነ ባልሽ፣ ጎረቤትሽ ከሆነች ጎረቤትሽ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው መመሪያ ምርጫው የእናቲቱ እንዲሆን መክሯል። ለእርግዝና ክትትል ስትሄጂ ስሟን ለአዋላጅ ነርሷ ንገሪያት፣ በዚያው ቀን ይዘሻት ሂጂና ክፍሉን ትየው።

በመቱም ሆነ በጎሬ፣ በበደሌም ሆነ በቡሬ የማዋለጃ ክፍል ኃላፊ የሆናችሁ ሁሉ፣ በየአልጋው መካከል መጋረጃ ስቀሉ፣ በራስጌ በኩል አንድ በርጩማ አኑሩ።