አዲስ ውሻ ከመምጣቱ በፊት መዘጋጀት ያለባቸው ነገሮች

መግቢያ

በኑኑ ቁምባ ወረዳና በአካባቢው በሚገኙ የምሥራቅ ወለጋ ወረዳዎች ውሻ የገበሬው የሥራ ረዳት ነው። በቆሎው እሸት ሲይዝ ቀን ዝንጀሮና ጦጣ፣ ሌሊት ከርከሮና ጃርት በማሳው ላይ ጉዳት ያደርሳሉ። ማማ ላይ የሚያድር ጠባቂ አውሬ መምጣቱን አስቀድሞ የሚያውቀው በውሻው ጩኸት ነው።

ይሁን እንጂ ውሻ ብዙ ጊዜ ወደ ቤት የሚገባው ያለ ዝግጅት ነው። ቡችላው ከጎረቤት ይወሰዳል፣ በተገኘው ገመድ ይታሰራል፣ የተረፈ ምግብ ይጣልለታል። በዚህ አያያዝ ያደገ ውሻ ምግብ ፍለጋ ይዞራል። የሚዞርና ያልተከተበ ውሻ ደግሞ የእብድ ውሻ በሽታን ወደ ቤተሰቡና ወደ ከብቱ ሊያመጣ ይችላል። ስለዚህ ከዚህ በታች የዘረዘርናቸው ነገሮች ቡችላው ከመምጣቱ በፊት እንዲሟሉ እንመክራለን።

1. የክትባት ቀጠሮ

ከሁሉም አስቀድሞ መዘጋጀት ያለበት ይህ ነው። ቡችላ ከእናቱ የሚለየው 8 ሳምንት ሲሞላው ነው። 3 ወር ሲሞላው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ይሰጠዋል፤ ከዚያም በየዓመቱ ይደገማል። ክትባቱ በደንብ የሚሠራው ከተሰጠ ከ3 ሳምንት ገደማ በኋላ ስለሆነ ቡችላው እስከዚያ ከግቢ እንዳይወጣና ከማይታወቁ ውሾች ጋር እንዳይገናኝ መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

ክትባቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለ ቅዝቃዜ መቀመጥ አለበት። ብዙ ጊዜም በአንድ ብልቃጥ ውስጥ ለበርካታ ውሾች የሚበቃ መጠን ይገኛል። የተከፈተ ብልቃጥ ለሌላ ቀን ስለማይቆይ ባለሙያው ለአንድ ቡችላ ብሎ ለመክፈት ይቸገራል። የኅብረት ሥራ ማኅበራት የሚጠቅሙት እዚህ ላይ ነው፤ የአባላትን ውሾች መዝግበው በአንድ ቀን በአንድ ቦታ ቢያሰባስቡ መድኃኒቱም አይባክንም፣ ባለሙያውም አይመላለስም። በአንድ አካባቢ ካሉት 100 ውሾች ቢያንስ 70ው በየዓመቱ ከተከተቡ በሽታው ከውሻ ወደ ውሻ መተላለፉ ሊገታ ይችላል።

2. የማሰሪያና የመኝታ ዕቃ

ሰፊ የአንገት ማሰሪያና 2 ሜትር ያህል ሰንሰለት ይዘጋጅ። ቀጭን የናይሎን ገመድ አንገት ይቆርጣል። በማሰሪያውና በአንገቱ መካከል ሁለት ጣት መግባት አለበት፤ ቡችላ ቶሎ ስለሚያድግ በየሳምንቱ ይታይ። ክረምቱ ረጅም በመሆኑ የውሻው ጎጆ ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ ይሠራ፤ ደረቅ ገለባ ይነጠፍበት፤ ገለባው ሲርስ ይለወጥ።

3. የምግብና የውሃ ዕቃ

ሁለት ጣባ ወይም አሮጌ ብረት ድስት ይበቃል፤ አንዱ ለምግብ፣ ሌላው ዘወትር ለንጹሕ ውሃ። ከቤተሰቡ ዕቃ ጋር እንዳይቀላቀል ምልክት ይደረግበት። ለቡችላ በቀን 3 ወይም 4 ጊዜ፣ ለትልቅ ውሻ 2 ጊዜ ምግብ ይሰጣል። የበቆሎ ገንፎ ከአጓትና ከተቀቀለ ሥጋ ጋር ጥሩ ምግብ ነው። ሽንኩርት የበዛበት የወጥ ትራፊ የውሻውን ደም ይጎዳል፤ የተቀቀለ የዶሮ አጥንትም ተሰንጥሮ አንጀት ይወጋልና አይሰጥ።

ከብት ወይም በግ ሲታረድ ውሃ የቋጠረ ሳንባና ጉበት ለውሻ መጣል የተለመደ ስሕተት ነው። በቋጠሮው ውስጥ ያለው ትል በውሻው አንጀት ያድጋል፤ እንቁላሉ በዓይነ ምድሩ ወጥቶ ወደ ሰው ይተላለፋል፤ በሰውም ጉበትና ሳንባ ላይ ተመሳሳይ ቋጠሮ ያበቅላል። የበግ ጭንቅላትም በጥሬው ከተሰጠ በግን የሚያዞረው የአዙሪት በሽታ እንዲስፋፋ ያደርጋል። እንዲህ ያለው የሆድ ዕቃ በጥልቅ ጉድጓድ ይቀበር ወይም ይቃጠል። የትል መድኃኒት መጠንና ጊዜ በእንስሳት ሐኪም ይወሰናል።

4. ሳሙና

ሳሙና ከውሻ ዕቃ ጋር መቆጠሩ እንግዳ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ሰው በውሻ ሲነከስ የመጀመሪያው መድኃኒት ይኸው ነው። ቁስሉ ወዲያው በሳሙናና በብዙ ውሃ ለ15 ደቂቃ ይታጠብ፤ ከዚያም ተነካሹ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። በአካባቢው በሚሰጥ የሥር መድኃኒት ተማምኖ መቆየት አደገኛ ነው፤ የበሽታው ምልክት አንዴ ከታየ ማዳን የሚቻል አይደለም ማለት ይቻላል። የነከሰው ውሻ ጤነኛ ከሆነ ሳይገደል ለ10 ቀን ታስሮ ይታይ፤ ተነካሹ ግን ያን ጊዜ እየጠበቀ ሕክምናውን አያዘግይ።

ማጠቃለያ

የኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቀበሌው ሲዘዋወሩ የውሻውን ባለቤት፣ ቀለም፣ ጾታና የተከተበበትን ቀን በመዝገብ እንዲይዙ እናሳስባለን። የማኅበራት ሱቆችም ሳሙናና ሰንሰለት ቢያቀርቡ መልካም ነው። ማሳ የሚጠብቅ ውሻ ለቤተሰቡ ሥጋት እንዳይሆን ዝግጅቱ ቡችላው ሳይመጣ ይጀመር።