የዴቬሎፐር ባላጋራ

ፊልሙን ራሱ የሚያጥብ ሰው ብርሃንን ይፈራል፤ የጨለማ ክፍሉን በር ይዘጋል፣ ቀዳዳውን ሁሉ ይደፍናል። መደርደሪያ ላይ ከተቀመጠው ምስል አውጪ ፈሳሽ፣ ከዴቬሎፐር ጋር አንድ ጠርሙስ ውስጥ የታሸገውን አየር ግን ብዙዎች ልብ አይሉትም። የሟች አባት ወይም የሠርግ ቀን ምስል ያለበት ጥቅል ደግሞ በዚህ ሳቢያ ሊጠፋ ይችላል። ዴቬሎፐር ሁልጊዜ አዲስ መበጥበጥ ይቻላል፤ የዚያን ቀን ፊልም ግን ከየትም አያመጡትም።

ችግሩ የሚመጣው ከዴቬሎፐሩ ከራሱ ሥራ ነው። ብርሃን ያረፈባቸውን የብር ጨው ቅንጣቶች ወደ ጥቁር ብር የሚለውጣቸው ኤሌክትሮን በመስጠት ነው፤ በውስጡ ያሉት ሜቶልና ሃይድሮኪኖን የተመረጡትም በቀላሉ ስለሚሰጡ ነው። ለብሩ የሚሰጡትን ታዲያ ለኦክስጅንም አይነፍጉትም፤ ከአየሩ 21 በመቶ የሚሆነው ደግሞ ኦክስጅን ነው። እሱ የወሰደው ለፊልሙ አይተርፍም። ፈሳሹም እንደ ተቆረጠ አቮካዶ ቀለሙ ይለወጣል፤ መጀመሪያ ቢጫ፣ ቆይቶ ቡናማ ይሆናል።

እ.ኤ.አ. ከ1927 ጀምሮ የሚታወቀውን የኮዳክ ዲ-76 ቀመር ስናይ ቀማሚዎቹ ይህን ባላጋራ እንዳልዘነጉት እንረዳለን። በአንድ ሊትር ውስጥ 2 ግራም ሜቶል፣ 5 ግራም ሃይድሮኪኖንና 2 ግራም ቦራክስ አለ፤ ሶዲየም ሰልፋይት ግን 100 ግራም ነው። ሰልፋይቱ ሌላም ጥቅም አለው፤ አንዱ ተግባሩ ግን ኦክስጅኑን ተሻምቶ ሜቶልንና ሃይድሮኪኖንን ማዳን ነው። ይህ ሁሉ ጥበቃ እያለለት እንኳ ኮዳክ የሚሰጠው የመቆያ ጊዜ በሞላ ጠርሙስ 6 ወር፣ በግማሽ ጠርሙስ 2 ወር ነው። ልዩነቱን ያመጣው ከፈሳሹ በላይ ያለው አየር ነው። የአንድ ሊትር ጠርሙስ ግማሹ ሲጎድል ወደ 100 ሚሊ ሊትር ኦክስጅን ይገባበታል፤ ክዳኑ በተከፈተ ቁጥር ደግሞ አዲስ አየር ይተካል።

ስለዚህ ከዘዴዎች ሁሉ የምመርጠው በጣም ቀላሉን ነው፦ በተበጠበጠበት ዕለት በትንንሽ የብርጭቆ ጠርሙሶች ከፋፍሎ እስከ አንገታቸው መሙላት፣ ከዚያ አንድ በአንድ መጠቀም። ትንሽ ጠርሙስ የሌለው የታጠበ የብርጭቆ ብይ እየጨመረ ፈሳሹን ወደ አፉ ማድረስ ይችላል። እንደ አኮርዲዮን የሚታጠፈው የፕላስቲክ ዕቃ ግን አያስተማምንም፤ ስሱ ፕላስቲክ ኦክስጅን ያሳልፋል፣ እጥፋቱም በደንብ አይታጠብም። የለስላሳ ወይም የውሃ ጠርሙስ አየር በመከላከል ረገድ ከእሱ ይሻላል፤ ሆኖም ልጅ ባለበት ቤት የመጠጥ ጠርሙስ ውስጥ መርዝ ማስቀመጥ የለብንም። ናይትሮጅን ወይም አርጎን ከላይ መንፋትም ይሠራል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ግን ዴቬሎፐሩ ውስጥ ሟሙቶ አልካላይነቱን ይቀንሳል።

ከዴቬሎፐሩ ቀጥሎ የሚገባውን፣ አሲድ የሆነውን ማቆሚያ ፈሳሽ ግን አየር አይጎዳውም። ምስሉን የሚያጸናው ፊክሰር ደግሞ ሲያረጅ ድኝ ያዘቅጣል፤ ይህ ከታየ መድፋት ነው።

የዴቬሎፐሩን ቀለም ብቻ አይቶ መፍረድ ያሳስታል። እ.ኤ.አ. ከ1891 ጀምሮ የተሠራው ሮዲናል የተባለ ዴቬሎፐር ጠቁሮም ለዓመታት ያገለግላል። በአንጻሩ በቫይታሚን ሲ ላይ የተመሠረተ ዴቬሎፐር እንደ ውሃ ጠርቶ እያለ ሊሞት ይችላል፤ በውሃው ውስጥ ያለ ጥቂት ብረት ወይም መዳብ ሞቱን ያፋጥነዋል። ለዚህኛው የተጣራ ውሃ ያስፈልጋል።

ማረጋገጫው ያለው ከፊልሙ ጫፍ ላይ ነው። ካሜራ ውስጥ ሲገባ ብርሃን ያየችውን ምላስ ቆርጦ፣ መብራት እንደ በራ፣ ለሥራ በተዘጋጀው ዴቬሎፐር ውስጥ መንከር ነው። ፊልሙ በሚታጠብበት ጊዜ ልክ ድፍን ጥቁር ከሆነች ጥቅሉ ይግባ፤ ግራጫ ሆና ከቀረች ጠርሙሱ ይደፋ። የቫይታሚን ሲው ዓይነት ከሆነ ሙከራው ፊልም በታጠበ ቁጥር ይደገማል፤ ባለፈው ሳምንት ማለፉ ለዛሬ ዋስትና አይሆንም።