አንድ ፈቃድ ለብዙ ግዛቶች፦ የአሜሪካ ነርሶች የፈቃድ ስምምነት

የነርሶች የፈቃድ ስምምነት የአሜሪካ ግዛቶች እርስ በርስ የተዋዋሉት ሕግ ነው። አንዲት ነርስ ከምትኖርበት ግዛት ባወጣችው አንድ የሙያ ፈቃድ፣ በሌሎቹ አባል ግዛቶችም እንደገና ሳታመለክትና ሳትከፍል እንድትሠራ ያስችላታል። በሙያው ያሉት በአጭሩ «ኮምፓክት» ይሉታል። ስምምነቱ ሥራ የጀመረው በ2000 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው፤ ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም በዚያው አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው። በ2024 መጨረሻ ሕጉን ያጸደቁት ግዛቶችና የባሕር ማዶ ይዞታዎች 43 ደርሰው ነበር።

ስምምነቱ የግዛቶችን ሥልጣን አልሻረም፤ ለሁለት ከፈለው እንጂ። ፈቃዱን የሚሰጠው ነርሷ የምትኖርበት ግዛት ሲሆን፣ ሥራዋን የሚገዛው ደግሞ ታካሚው ያለበት ግዛት ሕግ ነው። የስምምነቱ ዝርዝር ድንጋጌዎች በአብዛኛው የሚመነጩት ከዚህ አከፋፈል ነው።

ፈቃድ ለምን የግዛት ጉዳይ ሆነ?

አሜሪካ ውስጥ ለነርስም ሆነ ለሐኪም የሙያ ፈቃድ የሚሰጥ የፌዴራል መሥሪያ ቤት የለም። ሕገ መንግሥቱ ለማዕከላዊው መንግሥት ለይቶ ያልሰጠው ሥልጣን የግዛቶች ነው፤ የሕዝብን ጤናና ደኅንነት መጠበቅም እዚያው ይመደባል። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1889፣ ፈቃድ ተከልክሎ ሲሠራ የተገኘ የዌስት ቨርጂኒያ ሐኪም ያቀረበውን ይግባኝ ሲዳኝ፣ ግዛቶች የሕክምናን ሙያ በፈቃድ የመቆጣጠር መብት እንዳላቸው አጽንቷል። ነርሶች በሕግ እንዲመዘገቡ መጀመሪያ የደነገገችው ሰሜን ካሮላይና ስትሆን፣ ዓመቱ 1903 ነበር። በዚያው ዓመት ኒው ጀርሲ፣ ኒው ዮርክና ቨርጂኒያ ተከተሏት። ቀስ በቀስ እያንዳንዱ ግዛት የራሱን የነርሲንግ ሕግ አወጣ፤ ሕጉን የሚያስፈጽም የነርሲንግ ቦርድም አቋቋመ።

በዚህ አሠራር ከአንድ ግዛት ወደ ሌላው መሄድ ከባድ ነበር። ከቴክሳስ ወደ ዊስኮንሲን የምትሄድ ነርስ ፈተናውን ዳግመኛ ባትቀመጥም፣ «ኢንዶርስመንት» በሚባለው መንገድ አዲስ ማመልከቻ ታስገባለች፤ የትምህርት ማስረጃዋንና የቀድሞ ፈቃዷን ማረጋገጫ ታስልካለች፤ የጣት አሻራ ከተጠየቀች ትሰጣለች፤ ከዚያ ከፍላ ትጠብቃለች። በአምስት ግዛት የምትሠራ ከሆነ አምስት ፈቃድ፣ አምስት የእድሳት ቀንና አምስት ዓይነት የተከታታይ ትምህርት ግዴታ ይኖርባታል።

ነገሩን ይበልጥ ግራ የሚያጋባው ፈተናው በመላ አገሪቱ አንድ መሆኑ ነው። የግዛቶቹ ቦርዶች በ1978 ያቋቋሙትና መቀመጫው ቺካጎ የሆነው ብሔራዊ ምክር ቤት፣ «ኤንክሌክስ» የተባለውን ፈተና ለሁሉም ያዘጋጃል። ፈተናው ከ1994 ጀምሮ በኮምፒዩተር የሚሰጥ ሲሆን፣ ጥያቄው ከተፈታኟ ችሎታ ጋር ይሄዳል። ስትመልስ ከበድ ያለ፣ ስትስት ቀለል ያለ ጥያቄ ይመጣላታል፤ ኮምፒዩተሩ ችሎታዋ ከማለፊያው መስመር በላይ ወይም በታች መሆኑን 95 በመቶ እርግጠኛ ሲሆን ፈተናው ያበቃል። ስለዚህ አንዷ በ85 ጥያቄ ስትጨርስ ሌላዋ እስከ 150 ልትሄድ ትችላለች። ያንኑ ፈተና ያለፉ ሁለት ነርሶች ግን በየግዛታቸው አጥር ተለያይተው ይቀሩ ነበር።

የስምምነቱ አመጣጥ

በ1990ዎቹ ሆስፒታሎች እየተዋሃዱ ከአንድ ግዛት በላይ መዘርጋት ጀመሩ። በስልክ ምክር የሚሰጡ ነርሶችም በዙ። ወረቀቱ ከሥራው ወደ ኋላ እየቀረ መምጣቱን ያየው ብሔራዊ ምክር ቤት፣ በ1997 ግዛቶች አንዱ የሌላውን ፈቃድ የሚቀበሉበትን ሐሳብ አጸደቀ። ኡታ በ1998 ሕግ አድርጋ በማውጣት ቀዳሚ ሆነች። ስምምነቱ በጃንዋሪ 1 ቀን 2000 ሲጀመር አባሎቹ ሜሪላንድ፣ ቴክሳስ፣ ኡታና ዊስኮንሲን ነበሩ።

የተመረጠው ሕጋዊ መንገድ የግዛቶች ውል ነው፤ ለዚህ ዓይነቱ ውል መሠረቱ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 1 ክፍል 10 ውስጥ ይገኛል። እያንዳንዱ ምክር ቤት ያንኑ ጽሑፍ ያጸድቃል። አንድ ግዛት ብቻውን ተነሥቶ አንቀጽ ሊቀይር አይችልም፤ ካልተስማማው ሕጉን ሽሮ ይወጣል። የውሉን አፈጻጸም የሚመራው ከየአባሉ ግዛት አንድ አንድ ተወካይ የሚቀመጥበት ኮሚሽን ሲሆን፣ ትልቁም ትንሹም ግዛት ያለው ድምፅ አንድ ነው።

የመጀመሪያው ውል ሰፊ ቀዳዳ ነበረበት። አንዱ ግዛት የጣት አሻራ አስነሥቶ የወንጀል መዝገብ ሲያስመረምር ሌላው አያስመረምርም ነበር፤ ይሁንና የሁለቱም ፈቃድ እኩል ያሠራል። ጥብቅ ሕግ ያላቸው ግዛቶች ለመግባት ያመነቱት በዚህ ምክንያት ነው። አባላቱ በ2015 25 ላይ ደርሰው ሳለ አዲስ ጽሑፍ ተዘጋጀ። ሰሜን ካሮላይና በጁላይ 2017 ሃያ ስድስተኛ ሆና ስታጸድቀው ጸና፤ በጃንዋሪ 19 ቀን 2018 ደግሞ ሥራ ላይ ዋለ።

አዲሱ ውል ለሁሉም ግዛት አንድ የሆኑ 11 መስፈርቶችን አስቀመጠ። ዋና ዋናዎቹ ከታወቀ የነርሲንግ ትምህርት ቤት መመረቅ፣ ኤንክሌክስን ማለፍ፣ በጣት አሻራ የተደገፈ የፌዴራልና የግዛት የወንጀል ምርመራ፣ በከባድ ወንጀል አለመቀጣት፣ ቅጣት የሌለበት ፈቃድ መያዝና የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ናቸው። ከአሜሪካ ውጭ የተማረች ነርስ የትምህርት ማስረጃዋ በገለልተኛ ድርጅት ተመርምሮ መረጋገጥ አለበት። የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና የሚጠየቀውም ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ካልተሰጠ ወይም የአመልካቿ አፍ መፍቻ ቋንቋ እንግሊዝኛ ካልሆነ ነው። በዚህ አነጋገር መሠረት፣ ኢትዮጵያ ውስጥ በእንግሊዝኛ ተምራ የተመረቀች ነርስም አፍ የፈታችው በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ ከሆነ ማንበብን፣ መጻፍን፣ መስማትንና መናገርን የሚያካትተውን ፈተና ማለፍ ይጠበቅባታል።

መኖሪያና የሥራ ቦታ

ለብዙ ግዛቶች የሚያገለግለውን ፈቃድ የሚሰጠው የነርሷ ዋና መኖሪያ የሆነው ግዛት ብቻ ነው። ሌላ ቦታ ቤት መግዛት ወይም ሌላ ቦታ መቀጠር መኖሪያን አይለውጥም። ማስረጃ የሚሆኑት መንጃ ፈቃድ፣ የመራጭነት ምዝገባና የፌዴራል ግብር ማስታወቂያ የመሳሰሉት ናቸው። አንዲት ነርስ በአንድ ጊዜ ሊኖራት የሚችለው እንዲህ ያለ ፈቃድ አንድ ብቻ ነው። ወደ ሌላ አባል ግዛት ጠቅልላ ከሄደች በ60 ቀን ውስጥ ለአዲሱ ግዛት ፈቃድ ማመልከት አለባት፤ ይህን የሚያዘው ደንብ በ2024 መጀመሪያ የጸና ነው።

ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩበት የዋሽንግተን ዙሪያ አሠራሩን በቅርብ ያሳያል። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ አባል ናቸው፤ ዋና ከተማዋ ዋሽንግተን ዲሲ ግን እስከ 2024 መጨረሻ አልገባችም ነበር። በዚህ ሁኔታ አሌክሳንድሪያ የምትኖር ነርስ በቨርጂኒያ ፈቃዷ ሲልቨር ስፕሪንግ ሄዳ ትሠራለች፤ ፖቶማክን ተሻግራ ዲሲ ሆስፒታል ለመቀጠር ግን የዲሲ ፈቃድ ያስፈልጋታል። ዲሲ የምትኖረው ደግሞ ከሜሪላንድ ፈቃድ ብታወጣ የምታገኘው በሜሪላንድ ብቻ የሚያሠራውን ነው። ሁለቱ በአንድ ሆስፒታል፣ በአንድ ፈረቃ ጎን ለጎን ሊሠሩ ይችላሉ፤ ልዩነቱን ያመጣው የቤታቸው አድራሻ ነው።

ሥራው ተሠራ የሚባለው ታካሚው ባለበት ቦታ ነው። ቨርጂኒያ ቢሮዋ ውስጥ ተቀምጣ ሌሊት ስልክ የምታነሣ ነርስ፣ ደዋዩ ቴነሲ ውስጥ ያለ የስኳር ታካሚ ከሆነ፣ በዚያች ሰዓት የምትሠራው ቴነሲ ነው፤ የቴነሲን የነርሲንግ ሕግ ማክበርም ግዴታዋ ነው። አሠራሩ ከመንጃ ፈቃድ ጋር ይመሳሰላል፦ ቴክሳስ የወጣ መንጃ ፈቃድ ኡታ ውስጥ ያስነዳል፤ የፍጥነቱን ልክ የሚወስነው ግን የኡታ ሕግ ነው። ይህ በሥራ ላይ ትርጉም አለው። ለምሳሌ «ኤልፒኤን» የሚባሉት፣ አጠር ያለ ትምህርት የተከታተሉ ነርሶች በደም ሥር በሚሰጥ መድኃኒት ላይ ያላቸው ሥልጣን ከግዛት ግዛት ይለያያል፤ በመኖሪያዋ የተፈቀደላት በሄደችበት ላይፈቀድላት ይችላል። የፈቃድ እድሳትና የተከታታይ ትምህርት ግን የመኖሪያው ግዛት ጉዳይ ብቻ ናቸው።

ቁጥጥርና ቅጣት

ፈቃድ ድንበር ከተሻገረ መረጃም አብሮት መሻገር አለበት። ለዚህ የተዘረጋው «ነርሲስ» የተባለው የመረጃ ቋት ነው። ቀጣሪ የነርሷን ስም ወይም የፈቃድ ቁጥር ሲያስገባ የፈቃዱን ዓይነት፣ የሰጠውን ግዛት፣ የሚያበቃበትን ቀን፣ ለብዙ ግዛቶች ወይስ ለአንድ ብቻ እንደሚያገለግል፣ እንዲሁም የተመዘገበ ቅጣት ካለ ያያል።

ጥፋት ሲፈጸም ሥልጣኑ እንደገና ለሁለት ይከፈላል። ፈቃዱን መንጠቅ የሚችለው የሰጠው ግዛት ነው። ጥፋቱ የተፈጸመበት ግዛት ደግሞ ነርሷ በእሱ ወሰን ውስጥ የመሥራት መብቷን ያግዳል፤ ምርመራ ያካሂዳል፤ ውጤቱን ለመኖሪያዋ ግዛት ያስተላልፋል። የመኖሪያው ግዛት ጥፋቱ በራሱ ወሰን እንደተፈጸመ ቆጥሮ ይመለከተዋል። ቅጣት ከተወሰነባት፣ ገደቡ እስኪነሣ ድረስ በሌሎቹ ግዛቶች የመሥራት መብቷ ይቋረጣል። ከሱስ ለማገገም በቦርድ ክትትል ሥር ያለች ነርስም እንዲሁ።

የመግቢያው በር አንድ ቦታ ከላላ አደጋው ለሁሉም እንደሚተርፍ የሚያሳየው የፍሎሪዳ ጉዳይ ነው። የፌዴራል መርማሪዎች በጃንዋሪ 2023 ይፋ እንዳደረጉት፣ በደቡብ ፍሎሪዳ ሦስት የነርሲንግ ትምህርት ቤቶች ስም ከ7,600 በላይ ሐሰተኛ ዲፕሎማዎች ተሽጠዋል። ከገዙት ውስጥ 2,400 ያህሉ ፈተናውን አልፈው ነበር። በብዙ ግዛቶች ያሉ ቦርዶች ማን በየት በኩል እንደገባ እያጣሩ ፈቃዶችን መሰረዝና ማገድ ነበረባቸው። ፈተና ብቻውን ማጣሪያ እንደማይሆን፣ የትምህርት ማስረጃን መመርመር ከመስፈርቶቹ መካከል ለምን እንደገባም ጉዳዩ በግልጽ አሳይቷል።

ከስምምነቱ ውጭ የቀሩ

ስምምነቱ የሚሸፍነው ሁለት ዓይነት ነርሶችን ነው፦ «አርኤን» የሚባሉትን የተመዘገቡ ነርሶችና ኤልፒኤኖችን። በርካታ ኢትዮጵያውያን ሥራ የሚጀምሩበት «ሲኤንኤ» የሚባለው የነርስ ረዳትነት የምስክር ወረቀት በስምምነቱ አይሸፈንም፤ ግዛት ሲቀየር በአዲሱ ግዛት መዝገብ መግባት ያስፈልጋል። በሌላው ጫፍ ያሉት፣ መድኃኒት የሚያዙ ከፍተኛ ነርሶችም አልተካተቱም። ለእነሱ የተለየ ስምምነት በ2020 ቢዘጋጅም ሥራ ለመጀመር የሰባት ግዛቶችን ማጽደቅ ይጠይቃል፤ እስከ 2024 መጨረሻም ቁጥሩ አልሞላም ነበር።

ካሊፎርኒያ፣ ኒው ዮርክ፣ ኢሊኖይ፣ ሚሺጋንና ሚኔሶታን የመሳሰሉ ትልልቅ ግዛቶች በ2024 መጨረሻ ከስምምነቱ ውጭ ነበሩ። በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ ሆስፒታሎችን ባጨናነቀ ጊዜ ኒው ዮርክ ከሌላ ግዛት ለሚመጡ ነርሶች በሯን የከፈተችው በአገረ ገዢው የአስቸኳይ ጊዜ ትእዛዝ ነበር፤ እንዲህ ያለው ትእዛዝ ግን ጊዜው ሲያልፍ ያበቃል። ተቃውሞው በዋናነት የሚመጣው ናሽናል ነርስስ ዩናይትድን ከመሳሰሉ የሠራተኛ ማኅበራት ነው። ግዛቶች ራሳቸው ፈቃድ ባልሰጧቸው ነርሶች ላይ ያላቸው ቁጥጥር ይዳከማል፤ ነርሶች ሥራ ሲያቆሙም ቀጣሪዎች በቀላሉ ከሌላ ግዛት ተተኪ ያስመጣሉ የሚል ነው። ቦርዶችም ከፈቃድ ክፍያ የሚያገኙት ገቢ ይቀንሳል የሚል ስጋት አለ። ደጋፊዎቹ በበኩላቸው የሥራ ሁኔታን የሚወስኑ ሕጎች በስምምነቱ እንደማይነኩ ያስረዳሉ። ለምሳሌ ካሊፎርኒያ ከ2004 ጀምሮ አንዲት ነርስ የምትይዘውን የታካሚ ቁጥር በሕግ ወስናለች፤ ብትገባም ሕጓ በሆስፒታሎቿ ውስጥ ለሚሠራ ነርስ ሁሉ መጽናቱን ይቀጥላል።

ማጽደቅ ብቻውን ሥራ መጀመር ማለት አይደለም። ፔንሲልቬንያ ሕጉን ያወጣችው በ2021 ነው። የሌሎች ግዛቶችን ነርሶች መቀበል የጀመረችው በሴፕቴምበር 2023፣ ለራሷ ነርሶች ፈቃዱን መስጠት የቻለችው ደግሞ በጁላይ 2025 ነው። ያዘገያት የወንጀል መዝገብ ምርመራውን ለማካሄድ ከፌዴራሉ የምርመራ ቢሮ ኤፍቢአይ የሚያስፈልገው ፈቃድ ነበር።

ሌሎች ሙያዎችም የየራሳቸውን ስምምነት አድርገዋል፤ አሠራራቸው ግን አንድ አይደለም። በ2017 ማመልከቻ መቀበል የጀመረው የሐኪሞች ስምምነት የማመልከቻውን ሂደት ያፋጥናል እንጂ ፈቃዶቹን አንድ አያደርግም፤ ሐኪሙ በሚሠራበት በእያንዳንዱ ግዛት ፈቃድ ያወጣል፤ ለእያንዳንዱም ይከፍላል። የነርሶቹ ስምምነት ግን የፈቃዱን ቁጥር ራሱን ወደ አንድ ያወርደዋል።